አንድ ምት፣ ብዙ ዝርዝር፤ የቤትሆቨን የመጨረሻ ሶናታ ለመርካቶ ጆሮ

በአዲስ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የፒያኖ ድርሰት ነው። የደረሰው ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ይባላል። ቤትሆቨን ቁጥር ሰጥቶ ካሳተማቸው 32 የፒያኖ ሶናታዎች ይህ የመጨረሻው ነው፤ በሥራዎቹ መዝገብ ላይ ኦፐስ 111 ተብሎ ተጽፏል። ፒያኖ ተጫዋቾች እርስ በርስ ስናወራ «አንድ መቶ አሥራ አንድ» ካልን ይበቃል፤ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ይህን ድርሰት አጥብቄ እወደዋለሁ። ለመጫወት ከባድ ነው፤ ለመስማትም ከባድ ነው ይባላል። ስለ ክብደቱ ሲነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያየው ጣት ነው። ጣቶቹ እንዴት ፈጠኑ፣ እንዴት ዘለሉ፣ እንዴት ሳይደናቀፉ ደረሱ ይባላል። የጣት ፍጥነት በልምምድ ይገኛል፤ ትጉህ የሆነ ወጣት ሁሉ ሊደርስበት ይችላል። የዚህ ሶናታ እውነተኛ ፈተና ሌላ ነው። አንዱን ምት ተቀብሎ፣ ውስጡ እየተሸነሸነ ሲሄድ ሳይቸኩሉና ሳይጎትቱ እስከ መጨረሻው ይዞ መዝለቅ ነው ፈተናው። ይህን ለመስማት የሚያስፈልገው ጆሮ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በራጉኤል ቅጽርና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያደገ ሰው ጆሮው ለዚህ የተዘጋጀ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማሳየት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ዘመኑ

ቤትሆቨን በ1770 በቦን ከተማ ተወለደ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ግን በቪየና ነው። ስሙ በፒያኖ ተጫዋችነት ገና እየገነነ ሳለ ጆሮው መድከም ጀመረ። በ1802 ሃይሊገንሽታት ከምትባል መንደር ሆኖ ለወንድሞቹ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ሳይላክ ቀርቶ ከሞቱ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ሕይወቱን በገዛ እጁ ለማጥፋት ተቃርቦ እንደነበርና የያዘው ጥበቡ ብቻ እንደሆነ በዚያ ደብዳቤ ገልጿል። ከ1818 ጀምሮ እንግዶቹ የሚያናግሩት ሐሳባቸውን በደብተር ላይ እየጻፉለት ነበር።

በዚያው በ1818 ብሮድዉድ የተባለው የለንደን ፒያኖ ሠሪ ያበረከተለት ፒያኖ ቪየና ደረሰ። ስድስት ኦክታቭ የነበረው ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፎች ሲኖሩት ያኛው 73 ነበሩት። መሣሪያው እየሰፋና እየጠነከረ፣ የባለቤቱ ጆሮ እየደከመ ሄደ ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሶናታዎች ከ1820 እስከ 1822 ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው። በኦፐስ 111 የእጅ ጽሑፍ ላይ ቤትሆቨን ያሰፈረው ቀን ጃንዋሪ 13፣ 1822 ነው። ድርሰቱ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ።

በዚያን ጊዜ ሀገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። መሳፍንቱ ሲዋጉ የዜማ መምህራን ግን ጉባኤያቸውን አላጠፉም። ድጓው ይቀጸል፣ አቋቋሙ ይጠና ነበር። ይህን ያነሣሁት ለጌጥ ብዬ አይደለም። በአንድ ዘመን በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ሰዎች ስለ አንድ ጥያቄ ይጨነቁ ነበር፤ አንድ ዜማ ሳይለወጥ እንዴት ያድጋል የሚል ጥያቄ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ክፍል

ብዙ ሶናታዎች ሦስት ወይም አራት ክፍል አላቸው። ይህ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከ25 እስከ 28 ደቂቃ ገደማ ይወስዳሉ፤ ከዚህ ጊዜ የሚበዛውን የሚይዘው ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በሲ ማይነር ነው። ሲጀምር የግራ እጅ በኦክታቭ ተዘርግቶ ከአንድ ድምፅ ወደ ሩቅ የታችኛው ድምፅ በኃይል ይወረወራል። ያለ አጃቢ፣ ያለ መሸፈኛ የሚደረግ ዝላይ ነው። ተጫዋቹ ከተሳሳተ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ አንዳንዶች ሁለቱን ድምፆች ለሁለት እጅ አካፍለው አደጋውን ይሸሻሉ። ድምፆቹ ትክክል ይሆናሉ፤ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤትሆቨን በአንድ እጅ የጻፈው ጭንቀቱ ራሱ እንዲሰማ ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ገደል ሲሻገር ድልድይ ከሠራንለት መሻገሩን አላየንም።

ከዚህ አዝጋሚ መግቢያ በኋላ በባሱ ቁልፎች በኩል ጉርምርምታ ይነሣል፤ ከዚያም ሦስት ድምፆች ያሉት አጭር፣ ቁጡ ሐሳብ ይፈነዳል። የክፍሉ ሥጋና ደም እነዚህ ሦስት ድምፆች ናቸው። አንዱ እጅ ይናገራቸዋል፣ ሌላው ይነጥቃቸዋል፤ ይሰባበራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። በመካከል ሁለት ጊዜ ለስላሳ ዜማ ብቅ ይላል፤ ግን አይበረክትም። እዚህ ጣት በእርግጥ ይፈተናል። ሁለቱ እጆች በኦክታቭ ርቀት ያንኑ ሩጫ አብረው ሲሮጡ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ያጋልጣል።

ከዚህ ክፍል ግን እንድትይዙልኝ የምፈልገው መጨረሻውን ነው። ማዕበሉ አሸንፎ አያበቃም፤ ተሸንፎም አያበቃም። ቀስ በቀስ ይበርድና ከሲ ማይነር ወደ ሲ ሜጀር ይሸጋገራል። ለሁለተኛው ክፍል በሩ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ማጨብጨብ እንደ ነውር ባይቆጠርም፣ ብትታገሡልኝ ደስ ይለኛል።

አሪየታ፤ አንድ ምት ሲዘረዘር

ሁለተኛው ክፍል አሪየታ ይባላል፤ አጭር መዝሙር ነው። ቤትሆቨን በላዩ ያሰፈረው መመሪያ በጣም ዝግ ያለ፣ ቀላልና እንደሚዘመር ሆኖ እንዲጫወት ያዛል። መዝሙሩ 16 ሜዠር ብቻ ነው፤ ስምንቱ ይደገማል፣ ቀጣዩ ስምንትም ይደገማል። በውስጡ የሚያስደንቅ ነገር የለም። አንድ ሕፃን ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ሊያንጎራጉረው ይችላል። መጀመሪያ የሚሰማው ሦስት ድምፅ ነው፤ አንድ ረዘም ያለ፣ አንድ አጭር፣ ከዚያም የሚያርፍበት።

በእያንዳንዱ ሜዠር ሦስት ሰፋፊ ምቶች አሉ። ከዚህ በኋላ ቤትሆቨን ዜማውን ደጋግሞ ያመጣል፤ በየድግግሞሹ፣ ቫሪዬሽን በሚባለው፣ ምቱ ያው ሆኖ ውስጡ ይሸነሸናል። በመጀመሪያው ቫሪዬሽን እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላል። በሁለተኛው በስድስት ይከፈላል። በሦስተኛው በአሥራ ሁለት።

ይህን ለመርካቶ ነጋዴ ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ መቶ ብር ይዛችሁ ዝርዝር ብትጠይቁ ሁለት ሃምሳ ይሰጧችኋል፤ ወይም አሥር ባለ አሥር፤ ወይም ሃያ ባለ አምስት። በእጃችሁ ያለው ወረቀት በዛ፤ ገንዘባችሁ ግን ያው መቶ ብር ነው። በአሪየታም የሚሆነው ይኸው ነው። ኖታው ይበዛል፣ ምቱ ግን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ቤትሆቨን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቫሪዬሽን መግቢያ ላይ «በዚያው ፍጥነት» ብሎ በጣልያንኛ ጽፎ ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቁ ተገቢ ነበር። ኖታ ሲበዛ እጅ በተፈጥሮው ይቸኩላል። ሦስተኛው ቫሪዬሽን ላይ ስትደርሱ ሙዚቃው ድንገት ይሞቃል፤ ድምፁ ይጎላል፣ እጆች ከላይ እስከ ታች ይዘላሉ፣ ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ ይወዛወዛል። የዘመናችን ሰው ሲሰማው ጃዝ ነው ይላል፤ ጃዝ የሚባል ነገር ግን ቤትሆቨን በ1827 ከሞተ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው የተወለደው። እዚህ ቦታ ላይ የተቻኮለ ተጫዋች ሥራውን ያጣል፤ ከሥር የነበረው መዝሙር ይጠፋና ጭፈራው ብቻ ይቀራል። ምቱን የጠበቀ ተጫዋች ግን ያን ሁሉ ጭፈራ በመዝሙሩ ውስጥ ያኖረዋል።

ስለዚህ ፒያኖ ተጫዋቹ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ድምፅ ከመንካቱ በፊት ውሳኔ አለበት። በጣም ከፈጠነ ሦስተኛው ቫሪዬሽን ሊጫወት የማይቻል ይሆናል፤ በጣም ከዘገየ መዝሙሩ ይበታተንና አድማጭ ሦስቱን ምቶች አንድ አድርጎ መያዝ ያቅተዋል። ያ አንድ ፍጥነት ከተገኘ በኋላ ደግሞ ለሩብ ሰዓት ያህል በሰውነት ውስጥ መኖር አለበት። ጣት ብቻውን ይህን አይችልም፤ እስትንፋስ፣ ወገብ፣ ትከሻ ሁሉ ምቱን መያዝ አለባቸው።

ይህን ጆሮ ከየት አገኛችሁት?

አሁን ወደ ጉባኤ ቤቱ እንመለስ። መስከረም 1 ቀን በራጉኤል ክብረ በዓል ላይ የቆመ ሰው ሊቃውንቱ ሲዘምሩ ሥርዐቱን ያውቀዋል። ቃሉ በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ በዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሰውነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከዚያ መረግድ ይሆናል፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ጭብጨባው ይጨመራል፣ ዕልልታው ይሰማል። ቃሉ ያው ነው። ዜማውም ሥሩ ያው ነው። አድማጩ ግን አራት ጊዜ ሲሰማው አይሰለችም፤ እያንዳንዱ ዙር ቀድሞ የሰማውን ከውስጥ ይከፍትለታል።

በመውሊድ በዓል መንዙማ የሰማችሁም ታውቁታላችሁ። መሪው ይጀምራል፣ ጀማዐው ይቀበላል፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ በድቤና በጭብጨባ እየሞቀ ይሄዳል። ስንኙ ሲደጋገም ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም። እንግዲህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መርካቶ ውስጥ በአንድ አጥር ያህል ርቀት ተጎራብቶ የሚኖር ሰው አንድ ዜማ በብዙ መልክ ሲመላለስ የመከታተል ልምድ ከልጅነቱ አለው። አሪየታን ለመስማት የሚጠየቀው ይኸው ትዕግሥት ነው።

ልዩነቱንም በትክክል መናገር ይገባኛል። የእኛ ዜማ በአንድ መስመር ይሄዳል፤ የቤትሆቨን ዜማ በታቹ የሚደረቡ ድምፆች፣ ሃርሞኒ፣ አሉት። በጽፋት ጊዜ ከበሮው ራሱ ይፈጥናል፤ በአሪየታ ግን ምቱ አይፈጥንም፣ የሚፈጥነው ውስጡ ነው። የአቋቋም ሊቅ ከፍ እያለ የሚሄደውን ሙቀት በምቱ ይሸከመዋል፤ ቤትሆቨን በምቱ ውስጥ ባለው ክፍፍል ይሸከመዋል። መንገዳቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ግን አዲስ ዜማ ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ ያለውን ዜማ እስከ ጥልቁ መመርመርን መርጠዋል።

ትሪልና ርክርክ

ከሦስተኛው ቫሪዬሽን በኋላ አንድ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። ጩኸቱ ይወድቃል። አራተኛው ቫሪዬሽን በፒያኖው ዝቅተኛ ክፍል እንደ ጉርምርምታ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ምት በዘጠኝ ተከፍሎ በአንድ ሜዠር ውስጥ 27 ጥቃቅን ኖታዎች ይፈስሳሉ። ከዚያ ሙዚቃው ወደ ላይኛው ጫፍ ይወጣል፤ እንደገና ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። ጨለማና ብርሃን በየተራ ይመጣሉ።

ከዚህም በኋላ ምቱ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ የማይቆጠርበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ ትሪል ነው፤ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች በፍጥነት እየተፈራረቁ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰጣሉ። በድሮ ሙዚቃ ትሪል ጌጥ ነበር። እዚህ ግን የክፍፍሉ ሁሉ መድረሻ ነው፤ ሦስቱ ወደ ስድስት፣ ስድስቱ ወደ አሥራ ሁለት ሲሄድ ቆይቶ አሁን ንዝረት ብቻ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ትሪሎች በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። የቀኝ እጅ አንዳንድ ጣቶች ዜማ እየዘመሩ የቀሩት ጣቶች ሲንቀጠቀጡ የሚያሳልፉት ስቃይ የሚታወቀው በተጫዋቹ ብቻ ነው፤ አድማጭ ጋ መድረስ ያለበት ግን ስቃዩ ሳይሆን ብርሃኑ ነው።

ትሪሉ ሌላም ሥራ አለው። ፒያኖ ድክመት ያለው መሣሪያ ነው። ቁልፉ ሲነካ መዶሻው ሽቦውን ይመታል፤ ድምፁ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ማሲንቆ መጎተቻ አለው፣ ዋሽንት ትንፋሽ አለው፤ ፒያኖ ግን አንድ ድምፅ ይዞ ማቆየት አይችልም። ቤትሆቨን በትሪል ይህን ሞት ያሸንፈዋል። ድምፁ ሊጠፋ ሲል እንደገና ይመታል፤ እንደገና፤ እንደገና፤ ስለዚህ በላይኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ይኖራል፣ ዜማውም ከጎኑ ይዘመራል።

የእኛ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ የድምፅ መንቀጥቀጥ የተለየ ምልክት አላቸው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ከሚታወቁት የዜማ ምልክቶች አንዱ ርክርክ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ከርክርክ ጋር ስምንት ይሆናሉ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር። በድጓው መስመር ላይ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተጻፈውን ርክርክ ያየ ተማሪ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ማውረድ እንዳለበት ያውቃል። ድምፅን ሰባብሮ ማስቀጠልን ሁለቱም ሙዚቃዎች ዐወቁት፤ አንዱ በጉሮሮ፣ ሌላው በጣት።

ከትሪሉ በኋላ መዝሙሩ ለመጨረሻ ጊዜ ይመለሳል፤ አሁን በሰፊ አጀብ ተከብቦ። ወደ መጨረሻ ሲቃረብ አሪየታው በጀመረባቸው ሦስት ድምፆች መካከል አንድ ተጨማሪ ድምፅ ይገባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰማው ሰው ትንሽ ነገር ነው፣ አሪየታውን ሙሉ ለተከታተለ ግን ልብ ይነካል።

ለምን ሁለት ክፍል ብቻ?

አሳታሚው ሽሌሲንገር የእጅ ጽሑፉ ሲደርሰው ሦስተኛ ክፍል አለመኖሩ ግራ አጋባው፤ በ1822 ምናልባት በገልባጩ ዘንድ ተረስቶ እንደሆነ ጠይቆ ጻፈ። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አላቆመም። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በ1947 ባሳተመው ዶክተር ፋውስቱስ በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ የሙዚቃ መምህር ለከተማው ሰው ስለዚሁ ሶናታ ንግግር ሲያደርግ ይታያል፤ ጥያቄውም ይኸው ነው። በልብ ወለዱ አዳራሹ ሊሞላ አልቻለም። እናንተ ግን ይህን ወንበር ሁሉ ሞልታችሁታል።

የእኔ መልስ አጭር ነው። መጀመሪያው ክፍል አንድ ሐሳብ ሲሰባበር ያሳያል፤ ሁለተኛው አንድ ሐሳብ ሲከፋፈል ያሳያል። መሰባበርና መከፋፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተሰባበረው ምሉዕነቱን ያጣል፤ የተከፋፈለው ምሉዕነቱን ይዞ ይበዛል። ሁለቱ ክፍሎች ይህን ልዩነት ካሳዩ በኋላ ሦስተኛ ክፍል ሊጨምረው የሚችል ነገር የለም።

እማሆይና ግርማ

ይህ ሙዚቃ ለእኛ ሩቅ አይደለም ስል ምስክሮች አሉኝ። ከዚሁ ከመርካቶ ታሪክ ልጀምር። የጣልያን ወራሪ በአዲስ አበባ ሳለ ትልቁን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ወደዚህ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ዓላማው የከተማውን ሰው መለየት ነበር፤ አውሮፓዊው በአንድ ወገን፣ ኢትዮጵያዊው በሌላ ወገን። መርካቶ በዚያ ዕቅድ ለሀገሬው ሰው ብቻ ተብሎ የተከለለ ገበያ ነበር። የሀገሬው ሰው ግን ክልሉን አፍርሶ ከየአገሩ የመጣ ሁሉ የሚገበያይበት ቦታ አደረገው።

በዚያው ዘመን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከቤተሰባቸው ጋር በጣልያን ግዛት ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ በልጅነታቸው በስዊትዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በለንደን ለመማር የነበራቸው ተስፋ ሳይሳካ ቀረና ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። ከዚያ በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ የሚቸገሩትን የቆሎ ተማሪዎች ለመርዳት ድርሰቶቻቸውን በፒያኖ ቀርጸው በጀርመን አሳተሙ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በመጋቢት ወር 2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ኖሩ። ጨዋታቸውን ስትሰሙ ምቱ ይተነፍሳል፤ ድግግሞሹ አያሰለችም፤ ሁለቱ ትምህርቶች፣ የአውሮፓውና የያሬዱ፣ በአንድ እጅ ሲገናኙ ይሰማል።

ሁለተኛው ምስክር ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በ1967 በአዲስ አበባ ተወለደ። በመጀመሪያ ክራር ተጫወተ፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ በቡልጋሪያ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተማረ። ዛሬ በመድረኩ ሞዛርትንና ሾፓንን ሲጫወት የራሱንም ድርሰቶች፣ አምባሰልንና እልልታን፣ ጎን ለጎን ያቀርባል። በ16 ዓመት ፒያኖ መጀመር ዘግይቷል የሚል ሁሉ የእርሱን ታሪክ ያስብ።

ሁለቱም ለፈረንጅ ሙዚቃ ብለው የራሳቸውን አልተዉም። ወራሪው ገበያውን ለሁለት የከፈለበት አሳብ ግን አሁንም በአእምሯችን ውስጥ ይኖራል፤ ክላሲካል የእነርሱ ነው፣ ዜማ የእኛ ነው እንላለን። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱንም እናጣቸዋለን። ዜማችንን በደንብ የሚሰማ ሰው ቤትሆቨንን ይሰማል፤ ቤትሆቨንን በደንብ የሰማ ሰው ወደ ማኅሌቱ ሲመለስ ቀድሞ ያላስተዋለውን ያስተውላል።

መሣሪያው በአዲስ አበባ

ስለ መሣሪያችንም ጥቂት ልበል፤ ይህ ለወላጆችና ለአዳራሽ ኃላፊዎች ይጠቅማል። ፒያኖ ከ200 በላይ ሽቦዎች አሉት፤ አንድ ላይ የሚጎትቱት ኃይል ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚያስተጋባው ቀጭን የእንጨት ሰሌዳ ነው። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ድምፁ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ያሳብጠዋል፣ ድምፁ ይወጣል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣና በጋው ሲጠነክር፣ ማስቃኘት ያስፈልጋል። ከመስኮትና ከፀሐይ ማራቅ፣ በላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ አለማስቀመጥ፣ ሳይጫወቱበት ለወራት አለመተው ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ያልተቃኘ ፒያኖ ላይ የሚለማመድ ልጅ ጆሮው ይበላሻል።

እንዴት እንደምትሰሙት

አሁን ሶናታውን ልጫወትላችሁ ነው። ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ።

በመጀመሪያው ክፍል ሦስቱን ድምፆች ያዙ፤ የት እንደሚገቡ፣ ማን እንደሚነጥቃቸው ተከታተሉ። ቀሪውን ለእኔ ተዉት።

አሪየታ ሲጀምር ሦስቱን ምቶች በእግራችሁ ጣት ሳታሰሙ ቁጠሩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቫሪዬሽን ላይ ኖታው ሲበዛ ምታችሁን አትለውጡ። እኔ ከቸኮልሁ እግራችሁ ይነግራችኋል፤ ፈራጆቼ እናንተ ናችሁ።

ትሪሉ ሲደርስ መቁጠር አቁሙ። እዚያ የሚቆጠር ነገር የለም፤ እስከዚያ ድረስ የቆጠራችሁት ሁሉ ግን ያንን ንዝረት ሙሉ ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ሥራ አለ። በዚህ ክፍለ ከተማ የድጓና የአቋቋም መምህራን አሉ፤ መንዙማ የሚያውቁ አሉ፤ ፒያኖ መማር የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። እነዚህ ሦስት ወገኖች የሚገናኙበት፣ በሚገባ የተያዘ አንድ ፒያኖ ያለው አዳራሽ አዲስ ከተማ ሊኖረው ይገባል። ሊቁ ቁም ዜማውን ያሰማ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ አሪየታውን ያሰማ፣ ልጆቹ ሁለቱንም እየሰሙ ይጠይቁ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብልሃት ከባድ አይደለም፤ ትልቁን ገበያ የሁሉ መገበያያ ያደረጋችሁ ሰዎች ለአንድ አዳራሽ አታንሱም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መምህራኑን እኔ እለምናለሁ፤ ፒያኖውን አብረን እናስቃኘዋለን።